ጄት ስኪ ለፖሊስ ቅኝት፦ ከመዝናኛ ዕቃነት ወደ ሥራ መሣሪያነት

በሐይቆች፣ በወንዞችና በባሕር ዳርቻዎች ሕግ የሚያስከብሩ የፖሊስ ተቋማት ከትላልቅ የቅኝት ጀልባዎች ጎን ለጎን አነስተኛና ፈጣን የውሃ ላይ መጓጓዣዎችን መጠቀም ከጀመሩ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከእነዚህም መካከል ነጂው እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጦ የሚያሽከረክረው፣ በተለምዶ "ጄት ስኪ" የሚባለው ተንሳፋፊ ዋነኛው ነው። ስያሜው መነሻው የአንድ ኩባንያ የንግድ ምልክት ቢሆንም ዛሬ በብዙ አገሮች ለመሰል ተንሳፋፊዎች ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።

ይህ ተንሳፋፊ በዋጋው ከቅኝት ጀልባ የሚያንስ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚጓዝና በአንድ ተጎታች ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚዛወር በመሆኑ የበጀት ውስንነት ያለባቸውን ተቋማት ትኩረት መሳቡ የሚጠበቅ ነው። ይሁንና ጄት ስኪ በመጀመሪያ የተሠራው ለመዝናኛ እንጂ ለፖሊስ ሥራ አይደለም። ለአንድ ሰዓት መዝናኛ የተዘጋጀን ዕቃ ቀለሙን ቀይሮና "ፖሊስ" የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ለሙሉ ቀን ቅኝት ማሰማራት የፖሊስ አባላትንም ሆነ የሚጠበቀውን ሕዝብ ለአደጋ ሊያጋልጥ እንደሚችል የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። በመሆኑም ጄት ስኪን ለቅኝት ለማዋል የሚያስብ ተቋም ከግዥው በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም ተንሳፋፊው ለየትኛው ተልዕኮ፣ በየትኛው ውሃ ላይ፣ በማን እጅ ይሠራል? የሚለው ነው።

የአመጣጡ ታሪክ

የጄት ስኪ ሐሳብ አመንጪ ተደርጎ የሚወሰደው አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ክሌይተን ጃኮብሰን ነው። የበረዶ ላይ ተሽከርካሪዎችን በማምረት የሚታወቀው የካናዳው ቦምባርዲየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 "ሲዱ" የተሰኘውንና ተቀምጦ የሚነዳውን የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ ቢያቀርብም ምርቱ በወቅቱ አልዘለቀም። የጃፓኑ ካዋሳኪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቆመው የሚነዱትን ሞዴል "ጄት ስኪ" በሚል ስም ካቀረበ በኋላ ገበያው ሥር እየያዘ ሄደ። በ1980ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ያማሃ ሁለት ሰው የሚይዘውን ሞዴል ይዞ ሲገባና ቦምባርዲየርም ወደ ዘርፉ ሲመለስ ተንሳፋፊው ከአንድ ሰው መጫወቻነት አልፎ ሰው መጫን የሚችል መጓጓዣ ሆነ።

ለሕግ ማስከበርና ለነፍስ አድን ሥራ በር የከፈተውም ይኸው ለውጥ ነው። ቆመው የሚነዱት ሞዴሎች ሁለተኛ ሰው ስለማይጭኑ ለማዳን ሥራ የሚኖራቸው ጠቀሜታ አነስተኛ ነበር። በሃዋይ ደሴቶች ብራያን ኬዋላናን የመሳሰሉ የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኞች ተቀምጦ የሚነዳውን ጄት ስኪ ከኋላው ከሚጎተት ተንሳፋፊ የማዳኛ ሰሌዳ ጋር በማጣመር በከባድ ሞገድ ውስጥ ሰው የሚያወጡበትን ስልት አዳበሩ። ስልቱ በ1990ዎቹ በሃዋይ የነፍስ አድን አገልግሎት ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። በዚያው ዘመን በአሜሪካ አምራች ኩባንያዎች ለፖሊስና ለነፍስ አድን ተቋማት ጄት ስኪዎችን በውሰት የሚሰጡበት ፕሮግራም ነበራቸው። ዛሬ በብሪታንያ የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኞች፣ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ደግሞ እንደ ዱባይ ያሉ የፖሊስ ኃይሎች ይጠቀሙበታል።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ጄት ስኪን ለማዳን ሥራ ብቁ ያደረገው ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ለሥራው የሚስማማ መሣሪያ ጨምረውበት፣ ስልት ቀይሰውለትና ሥልጠና አዘጋጅተውለት ነው።

የአሠራሩ ጥቅምና ጉድለት

ጄት ስኪ ከተራ የሞተር ጀልባ የሚለየው ከውጭ የሚታይ ተሽከርካሪ ምላጭ የሌለው በመሆኑ ነው። ሞተሩ በቀፎው ውስጥ ያለውን ፓምፕ ያሽከረክራል። ፓምፑ ከሥር ባለው ፍርግርግ በኩል ውሃ ይስብና በኋለኛው አፈሙዝ በከፍተኛ ግፊት ያስወጣዋል። መሪው ሲዞር የሚዞረው አፈሙዙ ነው። ውሃው ወደ ጎን ሲገፋ የተንሳፋፊው አቅጣጫ ይቀየራል።

ይህ አሠራር ለፖሊስና ለነፍስ አድን ሥራ ሁለት ትላልቅ ጥቅሞች አሉት። አንደኛ፣ ውሃ ውስጥ ወዳለ ሰው ሲቀርቡ በሚሽከረከር ምላጭ የመቁረጥ አደጋ የለም። ሁለተኛ፣ ከቀፎው ሥር ወጥቶ የሚታይ አካል ባለመኖሩ ጀልባ በማይደፍረው ጥልቀት የሌለው ውሃ መጓዝ ያስችላል።

ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚያው አሠራር ነው። አቅጣጫ የሚያስይዘው የሚወጣው ውሃ ግፊት በመሆኑ ነጂው የነዳጅ መስጫውን ሲለቅ ግፊቱ ይጠፋል፤ መሪውም የማዞር ኃይሉን ያጣል። አደጋ ከፊቱ ያየ ሰው በተፈጥሮ የሚያደርገው ነዳጁን ለቅቆ መሪውን መጠምዘዝ ነው። በቀድሞዎቹ ጄት ስኪዎች ላይ ግን ይህ እርምጃ ተንሳፋፊውን በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያደርገው ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት በሌሎች የመዝናኛ ጀልባዎች ዋነኛው የሞት መንስኤ መስጠም ሲሆን በጄት ስኪ አደጋዎች ግን በግጭት ምክንያት የሚደርስ የአካል ጉዳት ከመስጠም በላይ ሰው እንደሚገድል አመልክቷል። ቦርዱ አምራቾች የመሪና የማቆሚያ ሥርዓታቸውን እንዲፈትሹም ምክረ ሐሳብ አቅርቧል።

ከዚያ በኋላ በዲዛይኑ ላይ ተጨባጭ ለውጥ መጥቷል። ነዳጅ ከተለቀቀ በኋላም መሪው እንዲሠራ የሚያግዙ ሥርዓቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተዋውቀዋል። ሲዱ እ.ኤ.አ. በ2009 የውሃውን ግፊት ወደፊት በሚመልስ ክዳን አማካኝነት የሚሠራ የፍሬንና የኋላ ማርሽ ሥርዓት አቅርቧል። ያማሃም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በግራ እጅ የሚታዘዝ ተመሳሳይ ሥርዓት በምርቶቹ ላይ ገጥሟል። ለፖሊስ ሥራ የሚቀርብ ጄት ስኪ እንዲህ ዓይነት የማቆሚያ ሥርዓት ያለው መሆኑ እንደ ተጨማሪ ምቾት የሚታይ ሳይሆን በጨረታ ሰነድ ውስጥ በግዴታነት ሊቀመጥ የሚገባው ነው። ምክንያቱም የፖሊስ አባል የሚሠራው ከሰው በራቀ ውሃ ላይ ሳይሆን ዋናተኞች፣ ታንኳዎችና ዓሣ አጥማጆች ባሉበት ነው።

የፖሊስ ሥራ የሚጠይቀው ዲዛይን

የመዝናኛ ገዥ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው። በገበያ ላይ ካሉት መካከል በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርሱ አሉ። የቅኝት ሥራ ግን አብዛኛው የሚከናወነው በዝግታ ነው። አባሉ ዳርቻውን ይከታተላል፤ ጀልባ አስቁሞ ሰነድና የደኅንነት ትጥቅ ይመረምራል፤ ሰው ያነጋግራል፤ የጠፋ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ለፖሊስ ከከፍተኛው ፍጥነት በላይ የሚያስፈልገው ተንሳፋፊው ቆሞና ተዝግሞ ሲሄድ ያለው መረጋጋት ነው። ጠባብና ቀላል ቀፎ በፍጥነት ላይ ይረጋጋል፤ ሲቆም ግን ይዋልላል። ሁለት አባላት ትጥቃቸውን እንደያዙ ተቀምጠውበት ሦስተኛ ሰው ከውሃ የሚያወጡበት ተንሳፋፊ ሰፋ ያለ ቀፎና በኋላ በኩል ረዘም ያለ መደብ ሊኖረው ይገባል። በዚህ መነሻ ሦስት ሰው የሚይዙት ሞዴሎች ለሥራው ይመረጣሉ። ሞዴሎቹ በአብዛኛው ከ3 እስከ 3 ነጥብ 5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሲሆን ባዶ ክብደታቸው ከ300 እስከ 400 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ መሣሪያ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ የመዝናኛ ጄት ስኪ ብዙውን ጊዜ የአሰሳ መብራት የለውም። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መንዳት የተከለከለ በመሆኑ አምራቾች መብራቱን የሚገጥሙበት ምክንያት አልነበራቸውም። የፖሊስ ተንሳፋፊ ግን በመሸም ጊዜ ሊጠራ ይችላል። በመሆኑም ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ የአሰሳ መብራት፣ የፖሊስ መለያ መብራት፣ ሳይረን፣ ውሃ የማይገባው የሬዲዮ መገናኛና የአቅጣጫ መጠቆሚያ ያስፈልጉታል። እነዚህ ሁሉ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። የጄት ስኪ ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሳት ታስቦ የተመረጠ ባለ 12 ቮልት አነስተኛ ባትሪ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መብራትና ሬዲዮ ሲሠሩ ከቆዩ ባትሪው ሊደክምና አባሉ ከዳርቻ ርቆ ሞተር የማያስነሳበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ተጨማሪ መሣሪያ ከመግጠም በፊት የኃይል ስሌት መሠራት አለበት፤ እንደ ሁኔታውም ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ ከመሣሪያዎቹ ባትሪ እንዲለይ መደረግ ይኖርበታል።

ክብደትም የሚዘነጋ አይደለም። በፊት በኩል የሚሰቀል መብራት፣ በኋላ የሚጫን የማዳኛ ሰሌዳና የዕቃ ሳጥን የተንሳፋፊውን ሚዛን ይቀይራሉ። አምራቹ ካስቀመጠው የመጫን አቅም ሲታለፍ ቀፎው ይጠልቃል፤ መታጠፉም ይከብዳል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ውሃ ሊያስገባ ስለሚችልም መግጠሚያዎቹ በዘፈቀደ የሚበሱ ሳይሆኑ አምራቹ በፈቀደባቸው ቦታዎች የሚታሰሩ መሆን አለባቸው። ቢ.አር.ፒ. የተባለው የሲዱ አምራች ለፍለጋና ለነፍስ አድን ሥራ የተለየ ሞዴል ለገበያ ማቅረቡ፣ ይህ ፍላጎት ከመዝናኛው የተለየ መሆኑን አምራቾችም እንደተቀበሉት ያመለክታል።

ሦስተኛው ጉዳይ የነጂው ደኅንነት ነው። የሞተር ማጥፊያው ገመድ ከአባሉ አካል ጋር መታሰር ይኖርበታል፤ አባሉ ሲወድቅ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ይህ ቀላል የሚመስል ገመድ ካልታሰረ አባሉ በውሃ ውስጥ ቀርቶ ተንሳፋፊው ሰው ወዳለበት ሊሄድ ይችላል። ከአፈሙዙ የሚወጣው የውሃ ግፊት ከኋላ ለወደቀ ሰው ከባድ የውስጥ አካል ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል አምራቾች የተሳፋሪውን የታችኛውን አካል የሚሸፍን ወፍራም የዋና ልብስ እንዲለበስ ያስጠነቅቃሉ። የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ከባድ ቀበቶ ታጥቆና ቡት ጫማ አድርጎ መንዳት በውሃ ላይ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ስለዚህ የተንሳፋፊው ዲዛይን ከአባሉ አለባበስ፣ ከላይፍ ጃኬቱና ከትጥቅ አያያዙ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ከዚህ በተጨማሪ የመዝናኛ ጄት ስኪዎች ግንባታ የሚመራበት አይ.ኤስ.ኦ. 13590 የተሰኘ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። የሚቀርበው ምርት ይህን ደረጃ ማሟላቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ መጠየቅ ለገዥ ተቋም ዝቅተኛው መነሻ ነው።

ሞተር፣ ነዳጅና የውሃው ንጽሕና

የቀድሞዎቹ ጄት ስኪዎች ዘይትና ቤንዚን ቀላቅለው የሚያቃጥሉ ባለሁለት ምት ሞተሮች ነበሯቸው። እነዚህ ሞተሮች ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ውሃ ስለሚለቁ በአሜሪካ የሚገኘው የታሆ ሐይቅ አስተዳደር ካርቡሬተር ያላቸውን ባለሁለት ምት ሞተሮች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከሐይቁ አግዷል። የአገሪቱ የልቀት ደንብ እየጠበቀ ሲሄድም አምራቾች ከ2002 ገደማ ጀምሮ ወደ ባለአራት ምት ሞተሮች ተሸጋግረዋል። ለመጠጥና ለዓሣ ሀብት በሚያገለግሉ ሐይቆች ላይ ሕግ ለማስከበር የሚሰማራ ተቋም ራሱ ውሃውን የሚበክል ሞተር ይዞ ሊገኝ አይገባም። በመሆኑም በአነስተኛ ዋጋ የሚቀርቡ አሮጌ ባለሁለት ምት ሞዴሎችን በግዥም ሆነ በስጦታ መቀበል በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው።

የነዳጅ ፍጆታም ሌላው የዕቅድ ጉዳይ ነው። የትላልቆቹ ሞዴሎች ታንክ 70 ሊትር ገደማ ይይዛል። በሙሉ ፍጥነት ሲነዱ ይህ ነዳጅ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በመካከለኛ ፍጥነት ግን ቆይታው በእጅጉ ይረዝማል። ስለዚህ ሰፊ ሐይቅ ላይ ለሚደረግ የሙሉ ቀን ቅኝት ጄት ስኪ ብቻውን አይበቃም። ከትልቅ ጀልባ ወይም በዳርቻ ከሚገኝ የነዳጅ መሙያ ጣቢያ ጋር ተጣምሮ፣ በአጭር ርቀት በፍጥነት የሚደርስ ክንድ ሆኖ ሲሠራ ግን ውጤታማ ነው።

በዚህ ረገድ ትኩረት የሚሻው የአየር መጭመቂያ ያላቸው ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ሞተሮች ጉዳይ ነው። እነዚህ ሞተሮች በፍጥነት ይበልጣሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ነዳጅ ይጠጣሉ፤ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይሻሉ፤ ጥገናቸውም ውስብስብ ነው። ለአብዛኛው የቅኝት ሥራ ተፈጥሯዊ አየር የሚስቡት ቀለል ያሉ ሞተሮች ከወጪም ከአስተማማኝነትም አንጻር ተመራጭ ናቸው።

በቅርቡ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ጄት ስኪዎች ወደ ገበያ ገብተዋል። የካናዳው ታይጋ ኩባንያ ምርቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ለደንበኞች ማስረከብ ጀምሮ ነበር። ድምፅና ጭስ የሌለው ሞተር ለሐይቅ ቅኝት እጅግ የሚመች ቢሆንም የአንድ ጊዜ ኃይል መሙላት የሚሰጠው የጉዞ ጊዜ ውስን ነው። ኩባንያው በ2024 ከአበዳሪዎቹ ለመጠበቅ የፍርድ ቤት ከለላ ለመጠየቅ መገደዱም አዲስ ቴክኖሎጂ ሲገዛ የመለዋወጫና የጥገና ዋስትና ምን ያህል ሊታሰብበት እንደሚገባ ያስታውሳል።

የኢትዮጵያ ውሃዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር ብትሆንም በርካታ ሐይቆችና ሰው ሠራሽ የውሃ አካላት አሏት። ጣና ወደ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በውስጡ ነዋሪዎችና ገዳማት ያሉባቸው ደሴቶች ይገኛሉ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከበስተኋላው የፈጠረው የንጋት ሐይቅ ደግሞ ሲሞላ 1 ሺህ 874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃም ይይዛል። ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ አባያና ጫሞ የዓሣ ማስገርና የጎብኝዎች እንቅስቃሴ የሚካሄድባቸው ናቸው። በእነዚህ ውሃዎች ላይ ሰው ማዳን፣ ሕገ ወጥ ዓሣ ማስገርን መከላከልና የጀልባ ትራፊክን መቆጣጠር የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑ አያከራክርም። ጄት ስኪ ከአማራጮቹ አንዱ ሆኖ ከታሰበ ግን የአምራቾች ካታሎግ የማያነሳቸው አራት ነጥቦች መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ተፈጥሯዊ አየር የሚስብ የቤንዚን ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር ሲጨምር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህሉን ያጣል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ስሌት በባሕር ጠለል ላይ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በጣና ላይ የሚሰጠው 150 ያልሞላ ይሆናል ማለት ነው። የሐዋሳና የዝዋይ ሐይቆችም ከ1 ሺህ 600 ሜትር በላይ ናቸው። የንጋት ሐይቅ ግን ሲሞላ በ640 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ጉድለቱ በጣም አነስተኛ ነው። የፓምፑ ማራገቢያ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ከሆነ በከፍታ ላይ ሞተሩን ያጨናንቀዋል። በመሆኑም አቅራቢው ለከፍታ የተስማማ ማራገቢያ እንዲያቀርብና ተንሳፋፊው በሚሠራበት ሐይቅ ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ እንዲፈተሽ በውሉ ውስጥ መካተት አለበት።

ሁለተኛው አረምና ደለል ነው። በጣና እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱ የተነገረው የእምቦጭ አረም ለፓምፕ ቀጥተኛ ጠላት ነው። ሥሩና ግንዱ ወደ ፍርግርጉ ሲሳብ ውሃው ይቋረጣል፤ ተንሳፋፊውም ጉልበት ያጣል። የሐይቁን ውሃ እየሳቡ ሞተር የሚያቀዘቅዙ ሞዴሎች ደግሞ ሊሞቁ ይችላሉ። ከዚህ አንጻር በውስጡ በሚዘዋወር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚሠራ ዝግ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ያለው ሞተር ብልጫ አለው። ሲዱ ከ2022 ሞዴሎቹ ጀምሮ ፓምፑን ወደ ኋላ በማሽከርከር የተሰካውን ቆሻሻ የሚያስወጣ ሥርዓት ማቅረቡም ለእንዲህ ዓይነት ውሃ የሚጠቅም መሻሻል ነው። ይሁንና በአረም ክምር ውስጥ ለሚደረግ ሥራ ጄት ስኪ ዋና መሣሪያ ሊሆን አይችልም። አምራቾች ሞተር ሲነሳ ከቀፎው ሥር ቢያንስ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ውሃ እንዲኖር የሚያሳስቡትም አሸዋና ጠጠር ፓምፑን ስለሚበሉት ነው። ይህ ማሳሰቢያ ለደለላማ ዳርቻዎች ይበልጥ ይሠራል።

ሦስተኛው የአካባቢው ሰውና እንስሳ ነው። በጣና የደንገል ታንኳ አሁንም ያገለግላል። ከጄት ስኪ የሚነሳ ማዕበል ውሃውን ተጠግታ የምትሄድ ታንኳን ሊያናውጥ ይችላል። ሕግ ለማስከበር የወጣ አባል ራሱ የአደጋ ምክንያት እንዳይሆን ከታንኳዎችና ከዳርቻ በምን ያህል ርቀት በዝግታ መሄድ እንዳለበት በመመሪያ ሊወሰን ይገባል። በጫሞና በአባያ ደግሞ አዞና ጉማሬ አሉ። በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ያለ አባል ከጀልባ ተሳፋሪ ይልቅ ለጥቃት የተጋለጠ በመሆኑ በእንስሳቱ መኖሪያ አካባቢ የሚደረግ ቅኝት ከፍ ያለ ጎን ላላቸው ጀልባዎች ቢተው ይመረጣል።

አራተኛው ጥገና ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ መለዋወጫ በማጣት በመጋዘን የሚቆም ተንሳፋፊ ለሕዝብ ደኅንነት የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ የወጣበት የውጭ ምንዛሪ ግን አይመለስም። የፓምፕ ማራገቢያ፣ በዙሪያው ያለው ተተኪ ቀለበት፣ ሻማ፣ ባትሪና ማጣሪያ በየጊዜው የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው። በመሆኑም ግዥው የተንሳፋፊውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የበርካታ ዓመታት መለዋወጫን፣ የሜካኒክ ሥልጠናን፣ ተጎታችንና የማከማቻ ቦታን ያካተተ መሆን ይኖርበታል። ተቋማት የተለያየ ሥሪት ከሚገዙ ይልቅ በአንድ ሞዴል ላይ ቢስማሙ መለዋወጫ መዋዋስና በአንድ ማዕከል ማሠልጠን ይቻላቸዋል።

ሕጉ ከመሣሪያው እኩል ይራመድ

ተንሳፋፊው ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን የሚያስከብረው ሕግ ግልጽ ካልሆነ የፖሊስ ሥራ ይሰናከላል። ለዚህ የብሪታንያ ተሞክሮ አስተማሪ ነው። በአገሪቱ አንድ ግለሰብ ጄት ስኪ እየነዳ በሌላ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት በማድረሱ በነጋዴ መርከቦች ሕግ ተከሶ ከተፈረደበት በኋላ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ጄት ስኪ በሕጉ ትርጉም "መርከብ" አይደለም በማለት ፍርዱን ሽሮታል። በዚህ የትርጉም ክፍተት ምክንያት ባለሥልጣናት አደገኛ ነጂዎችን በዚያ ሕግ ለመክሰስ ሲቸገሩ ቆይተዋል። ክፍተቱ የተዘጋው ከ17 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ መጋቢት 2023 ተግባራዊ በሆነው ደንብ ነው። በአዲሱ ደንብ በአደገኛ ሁኔታ የነዳ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራትና ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል።

አንዲት የቃል ትርጉም ያስከተለችው መዘግየት ለሕግ አርቃቂዎች ማሳሰቢያ ነው። በአገር ውስጥ ውሃዎች ላይ ጄት ስኪዎች በመዝናኛ ድርጅቶችም ሆነ በግለሰቦች እጅ እየበዙ ሲሄዱ የፖሊስ አባሉ የትኛው ፍጥነት በየትኛው ቦታ እንደሚፈቀድ፣ የዕድሜ ገደቡን፣ የላይፍ ጃኬት ግዴታውንና ተንሳፋፊ ለማገድ ያለውን ሥልጣን ሊያውቅ ይገባል። የፖሊስ ተንሳፋፊ ከመግባቱ በፊት የባሕር ትራንስፖርትና የውስጥ ውሃ ተቆጣጣሪ አካላት፣ ሐይቆቹ የሚገኙባቸው ክልሎችና የፖሊስ ተቋማት የሥልጣን ወሰናቸውን በጽሑፍ ቢያስቀምጡ ኋላ ላይ ከሚነሳ ውዝግብ ይድናሉ።

ሥልጠናም የዚሁ አካል ነው። ጄት ስኪ መንዳት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ይመስላል። ነገር ግን ራሱን የሳተ ሰው ከውሃ አንስቶ በማዳኛ ሰሌዳ ላይ ማስተኛት፣ የተገለበጠን ተንሳፋፊ አምራቹ ባመለከተው አቅጣጫ ብቻ መልሶ ማቅናት፣ የተሰካ አረም ሞተር አጥፍቶና የማጥፊያ ገመዱን ነቅሎ ማውጣት፣ እንዲሁም ነፋስ ሲነሳ መመለስ ያለበትን ሰዓት ማወቅ ተደጋጋሚ ልምምድ ይጠይቃል። ዋና የማይችል ወይም በዋና ብቃቱ በየጊዜው የማይፈተን አባል በዚህ ሥራ መመደብ የለበትም። አንድ ተንሳፋፊ ብቻውን ከዳርቻ ርቆ እንዳይሰማራና ሁልጊዜም በሬዲዮ የሚከታተለው ሰው እንዲኖር ማድረግም መሠረታዊ የአሠራር ደንብ ነው።

በአጠቃላይ ጄት ስኪ ለፖሊስ ቅኝት የሚያበረክተው ጥቅም የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ በደረሰው የሐርቪ ጎርፍ ወቅት ጄት ስኪዎች ጎዳናዎች ወደ ወንዝነት በተቀየሩባቸው ሰፈሮች ገብተው ሰው ማውጣታቸው ጀልባ የማይደርስበት ቦታ መድረስ እንደሚችሉ አሳይቷል። ጥቅሙ ግን ተንሳፋፊውን በመግዛት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ተልዕኮውን አስቀድሞ የለየ፣ በሚሠራበት ውሃ ላይ የተፈተሸ፣ በሠለጠነ አባል የሚነዳ፣ መለዋወጫው የተዘጋጀና በግልጽ ሕግ የተደገፈ ሲሆን ብቻ ነው። ስለሆነም የሚመለከታቸው ተቋማት የጨረታ ሰነድ ከማዘጋጀታቸው በፊት በየሐይቁ የደረሱ አደጋዎችን መዝገብ መመልከት፣ ዓሣ አጥማጆችንና የጀልባ ማኅበራትን ማነጋገር፣ ከዚያም ፍላጎታቸውን በዝርዝር ማስቀመጥ ይጠበቅባቸዋል። ሰው በውሃ ውስጥ ሆኖ እጁን በሚያነሳበት ደቂቃ ወሳኙ ጉዳይ የተንሳፋፊው ፍጥነት በወረቀት ላይ ስንት እንደሆነ ሳይሆን ሞተሩ መነሳቱ፣ አባሉም ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቁ ነው።